ቃሌን ከቴራፒስቴ አፍ ሰማሁት

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ፤ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ለሰው ስናገረው ደግሞ ጭራሽ ያንስብኛል። ስለዚህ ልጻፈው።

34 ዓመቴ ነው። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው አንዲት ቴራፒስት ጋ መሄድ ከጀመርኩ። ጎበዝ ናት። ስጀምር እንቅልፍ የሚባል ነገር አልነበረኝም፤ አሁን እተኛለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አንድ አመል አለብኝ፤ ለሁሉም ነገር ይቅርታ እላለሁ። ሰው እግሬን ሲረግጠኝ ይቅርታ የምለው እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ «ይቅርታ፣ አንዴ ብቻ» ብዬ ነው የምጀምረው። አምና አንድ ቀን ስለዚህ ስናወራ፣ ሳላስበው እንዲህ አልኳት፦ «ይቅርታ ለእኔ የመግቢያ ትኬት ነው። በየበሩ ሳልቆርጥ አልገባም። የራሴ ቤት በር ላይ እንኳ እቆርጣለሁ።» ይህን ብዬ አለቀስኩ። እሷም ዝም አለች። ስወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። ቀኑና ሰዓቱ አሁንም አለ። ያቺ አባባል ብዙ ነገር ነው የከፈተችልኝ። ለማንም አልተናገርኳትም፤ ለባለቤቴ እንኳ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ማታ አልጋ ላይ ስልኬን ስነካካ የእሷ ቪዲዮ መጣ። ምክር የምትለቅበት ገጽ እንዳላት አውቃለሁ፤ አልከታተለውም ነበር። «ብዙዎቻችን ይቅርታን እንደ መግቢያ ትኬት እንቆርጣለን» አለች። «በየበሩ። በገዛ ቤታችን በር ላይ ሳይቀር።» ክው አልኩ። ስሜን አልጠራችም። «አንዲት ደንበኛዬ» እንኳ አላለችም። ከራሷ እንደመጣላት አድርጋ ነው የተናገረችው። ከሥር ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ አገላለጽ ነው» ይላል። አንዷ «ግድግዳዬ ላይ ነው የምጽፈው» ብላለች።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ከዚያ አፈርኩ። ከዚያ የተሰረቅሁ መሰለኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «ስምሽን አልጠራች፣ ማን ያውቅሻል? እንዲያውም ደስ ሊልሽ ይገባል» አለኝ። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ስለ ሥራ ብቻ አውርቼ ወጣሁ። የባሰው ደግሞ፣ ጥሩ አባባል አፌ ላይ ሲመጣ እውጠዋለሁ። እያወራሁ ራሴን አዳምጣለሁ። «ይሄንንስ ትወስደው ይሆን?» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት «ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኛል» ብዬ ቀረሁ። ጉንፋን አልያዘኝም።

ልንገራት? ዝም ብዬ ሌላ ሰው ልፈልግ? ወይስ እውነትም አካብጄው ነው? ቀጣዩ ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው።

ትኬት ቆራጯ»

ውድ እህቴ፣

መጀመሪያ የራሴን ጣጣ ልጨርስ። ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ መልሼ የጻፍኩልሽ አንድ ጥያቄ ነበር፦ ያቺን የትኬት ነገር ልቀይራት ወይስ እንዳለች ትውጣ? ይህን ሳልጠይቅሽ ባትማት፣ በምን አፌ ነው አንቺን የምመክረው? «እንዳለች ትውጣ፤ ቢያንስ አንድ ቦታ ላይ የእኔ መሆኗ ይጻፍ» አልሽኝ። ቴራፒስትሽ ይህን ዓምድ ካነበበች ማን እንደሆንሽ ወዲያው እንደምታውቅም ተነጋግረናል። ስለዚህ ይህ መልስ መጀመሪያ የሚደርሰው ለአንቺ ብቻ ነው። የሚታተመው ከሐሙስ በኋላ ነው፤ ያውም «ይውጣ» ካልሽ።

አሁን ወደ ነገሩ። አላካበድሽም።

ባለቤትሽ ክፉ አላሰበም። ግን ያልተጠየቀውን ነው የመለሰው። «ማን ያውቅሻል?» የምስጢር ጥያቄ ነው። እዚያ ላይ ልክ ነው፤ ያንን ቪዲዮ አይቶ አንቺን የሚለይ ሰው የለም። አንቺን የከነከነሽ ግን መታወቁ አይደለም። ደብዳቤሽን ደጋግሜ ሳነበው፣ እንዲያውም አለመታወቁም ያመመሽ ይመስላል። ያ ሁሉ ሰው «እንዴት ያለ አገላለጽ ነው» እያለ ሲያደንቅ፣ የአገላለጹ ባለቤት ጨለማ ውስጥ አልጋዋ ላይ ሆና ታነባለች። እንዳይታወቅብሽ ትፈልጊያለሽ፤ እንዲታወቅልሽም ትፈልጊያለሽ። ሁለቱ አይጣሉም። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ማታ ሊሰማው ይችላል፤ አንቺም የሆንሽው ይኼው ነው።

«ከዚያ አፈርኩ» ያልሽው ላይ ግን ትንሽ ቆየሁ። በምኑ ነው ያፈርሽው? ደስ ስላለሽ ነው? ወይስ የውስጥ ልብስሽ የሰው ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ እንዳየሽ ዓይነት ስሜት ነው? መልሱን ለእኔ መላክ የለብሽም። ከሐሙስ በፊት ለራስሽ ቢታወቅሽ ግን ጥሩ ነው። ምን ብለሽ እንደምትጀምሪ የሚወስነው እሱ ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝልሽ። ከብዙ ዓመት በፊት ለጀማሪ አማካሪዎች ስልጠና ስሰጥ፣ አንዲት ደንበኛዬ የተናገረችውን ነገር እንደ ምሳሌ ጠቀስኩ። ስሟን ቀየርኩ፣ ዕድሜዋን ቀየርኩ፣ ሥራዋን ቀየርኩ። ንግግሯን ግን አልቀየርኩም፤ በጣም ቆንጆ ነበረቻ! አዳራሹም ወደደው። በኋላ ሕሊናዬ ሲቆጠቁጠኝ ራሴ ነገርኳት። አልተቆጣችም። ትንሽ አሰብ አድርጋ «ስሜን መደበቅዎ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን እኔ ያንን ነገር ገና ለእህቴ እንኳ አልነገርኳትም ነበር።»

አርባ ሰው ከእህቷ ቀድሞ ሰምቶታል። ስም በመደበቅ የሚሸፈን ነገር እንዳልሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። የወሰድኩባት ማንነቷን አይደለም፤ ተራዋን ነው። የራሷን ነገር መቼ፣ የት፣ ለማን እንደምትናገር የመምረጥ ተራዋን። አንቺም «ለማንም አልተናገርኳትም፤ ለባለቤቴ እንኳ» ብለሽ ስትጽፊ፣ ያቺ ደንበኛዬ ነች ትዝ ያለችኝ።

በነገራችን ላይ ይህ ጣጣ ከሙያው ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ዮሴፍ ብሮየር የሚባል ሐኪም እ.ኤ.አ. ከ1880 እስከ 1882 ቪየና ውስጥ አንዲት ወጣት ያክም ነበር። ልጅቷ በሕመሟ መሐል ከአፍ መፍቻዋ ጀርመንኛ ይልቅ እንግሊዝኛ ብቻ የምትናገርበት ጊዜ ነበራት። ከሐኪሙ ጋር የሚያደርጉትን ነገር ስም ያወጣችለት እሷ ናት። ቁም ነገር ሲሆን «የንግግር ፈውስ» ትለዋለች፤ ቀልድ ሲያምራት ደግሞ «ጭስ ማውጫ ጠረጋ»። ብሮየር ከሌላው ሐኪም ከሲግመንድ ፍሮይድ ጋር ሆኖ ታሪኳን በ1895 አሳተመ፤ ስሟን «አና ኦ.» ብሎ ቀየረው። አባባሏ ግን እንዳለ ወጣ። እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ይህን ሙያ ሲጠራ የሚዋሰው የእሷን ቃል ነው። ሰዎቹ ገናና ሆኑ። እሷ ቤርታ ፓፐንሃይም መሆኗ በይፋ የታተመው በ1953 ነው፤ ከሞተች 17 ዓመት በኋላ፣ ያውም የፍሮይድን የሕይወት ታሪክ የጻፈው ኧርነስት ጆንስ ነው ያወጣው። እሷን የጠየቃት የለም። አየሽ፣ ቃሏን ወሰዱ፤ ቆይተው ደግሞ የተደበቀላትን ስም ገለጡ። በሕይወቷ የሴቶች ማኅበር መሥርታ ስንት ሥራ ለሠራች ሴት፣ «አና ኦ.» የሚለው መለያ ነው ከሁሉ በላይ የቀረላት።

ቴራፒስትሽ ደንብ ጥሳለች ወይ? ይህን ሳትጠይቂኝ አልቀረሽም፤ በመስመሮቹ መሐል። ደንቡ ከጠበቅሽው በላይ ላላ ያለ ነው። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 4.07ን እንይ፤ ብዙ ሰው የሚጠቅሰው እሱን ነው። በጽሑፍም ይሁን በንግግር ወይም በመገናኛ ብዙኃን የደንበኛን ማንነት የሚያሳብቅ ምስጢር ማውጣት ይከለክላል። የተፈቀደው ማንነቱ እንዳይለይ ከተሸፈነ፣ ወይም ደንበኛው በጽሑፍ ከፈቀደ፣ ወይም ሕግ ከፈቀደ ነው። ልብ በይ፣ «ወይም» ነው የሚለው። ስለዚህ የአንቺ ቴራፒስት «ማንም አላወቃትም» ብላ በዚህ ደንብ ልትከራከር ትችላለች፤ ሳትሸነፍም ልትቀር ትችላለች። እኔ ግን ደንብ የሚለካው ትንሹን ግዴታ ነው ባይ ነኝ። «ያቺን አባባልሽን ብጠቀምባት ምን ይመስልሻል?» ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልትጠይቅሽ ይገባ ነበር።

አሁን ደግሞ ለእሷም ልከራከርላት።

ከአንቺ መውሰዷን ጭራሽ ላታውቅ ትችላለች። ሰው የሰማውን ነገር ይዞ ይቆይና ከማን እንደሰማው ይረሳል፤ ሐሳቡ ሲመለስ እንደ አዲስ፣ እንደ ራስ ሆኖ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1989 ብራውንና መርፊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይህን በቀላል ጨዋታ አሳይተዋል። ሰዎችን ሰብስበው ተራ በተራ የነገር ስም አስጠሩ። ቆየት ብለው «አንተ ራስህ የጠራኸውን ብቻ ድገምልኝ» ሲሏቸው፣ አንዳንዱ ጎኑ የተቀመጠው ሰው የጠራውን የራሱ አድርጎ ደገመው። ለመስረቅ ብሎ አይደለም። ከሳምንት እስከ ሳምንት የሰው ታሪክ ሲሰማ የሚውል ባለሙያ ጭንቅላት ውስጥ ስንት ሰው አባባል ተደባልቆ እንደሚቀመጥ አስቢው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ዛሬ «የእኔ» ከምላቸው አባባሎች ግማሾቹ ከማን አፍ እንደወጡ ብትጠይቂኝ አፍጥጬ ነው የማይሽ።

ይህ ግን ማብራሪያ ነው እንጂ ማስተባበያ አይደለም። የአንቺን ሦስት ዓረፍተ ነገር በቅደም ተከተላቸው፣ እስከ «ቤት በር» ድረስ ደግሞ ማምጣት ትንሽ ከመርሳት ያለፈ ነገር አለው። ምናልባት ማስታወሻዋ ላይ ጽፋው ይሆናል። ምናልባት «ስም እስካልጠራሁ ድረስ ችግር የለውም» ብላ ይሆናል። አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም። የሚያውቀው አንድ ሰው ነው፤ ቀጠሮሽም ከዚያ ሰው ጋር ነው።

እኔን ከቪዲዮው በላይ ያሳሰበኝ ከዚያ በኋላ የጻፍሽው ነው። «ጥሩ አባባል አፌ ላይ ሲመጣ እውጠዋለሁ።»

እስቲ ይህን ቀረብ ብለን እንየው። ወንበሩ ላይ ተቀምጠሻል። ስለ ሥራሽ እያወራሽ ነው። ድንገት አንድ ነገር ብልጭ ይላል፤ ልክ እንደ ትኬቷ፣ ሳይታሰብ። አፍሽ ሊከፈት ሲል አንድ ዘበኛ ብድግ ይልና «ቆይ፣ ይሄ ይወጣል ወይስ ይቀራል?» ይላል። ዘበኛው ሲያስብ ቃሉ በኖ ይጠፋል። ያቺ የትኬት አባባል እኮ የመጣችው ዘበኛው ተኝቶ ስለነበር ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል። ሰው ቴራፒስት ጋ የሚሄደው ይህ ተረት የማይሠራበት አንድ ክፍል ለማግኘት ነው። አሁን ያ ክፍል እንደ ሌላው ቦታ ሆኖብሻል። አንዱን ሰዓት ሙሉ ስለ ሥራ አውርቶ መውጣት ሌላ ምንም አይደለም፤ እዚያም በር ላይ ቆመሻል ማለት ነው።

እንዲያውም አንድ ነገር ልብ ብለሽ እንደሆን። የቀረሽ ቀን የላክሽላትን መልእክት እይው። «ይቅርታ፣ ጉንፋን ይዞኛል።» ያስቀየመችሽ እሷ፤ ይቅርታ ያልሽው አንቺ። ይህን የምለው ልወቅስሽ አይደለም፤ ሳነበው ፈገግ ስላልኩ ነው፣ አንቺም ፈገግ ትያለሽ ብዬ። ሁለት ዓመት ስትሠሩበት የቆያችሁት ነገር ራሱ ሐሙስ ዕለት በአካል እየመጣ ነው። ይቅርታ ሳትቆርጪ «ቅር ብሎኛል» ማለትን የምትለማመጂበት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ በቀላሉ አታገኚም። ስለዚህ ለጥያቄሽ የእኔ መልስ አዎ ነው፤ ንገሪያት። ሌላ ሰው መፈለግ የሚቻል ነገር ነው፤ ነገ ሄዶ አይጠፋም። ግን ሳትነግሪያት ከሄድሽ ዘበኛውንም ይዘሽው ነው የምትሄጂው።

እንዴት? በገባሽ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ። ይህን አደራ እልሻለሁ። እኛ ሙያ ላይ ያለን ሰዎች በደንብ የምናውቀው ነገር ነው፤ ሰው ዋናውን ጉዳይ ሰዓቱ ሲያልቅ፣ የበሩን እጀታ ይዞ ነው የሚናገረው። እዚያ ላይ ከተናገርሽው እሷም ትደነግጣለች፣ አንቺም ትሮጫለሽ፣ ሳምንት ሙሉ ደግሞ ትብሰለሰያለሽ። ስልክሽ ላይ የጻፍሻትን ከፍተሽ ግቢ። ማስረጃ ለማቅረብ አይደለም፤ «እኔው ነኝ ወይስ ከእሷ ሰምቼው ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ መሐል ላይ ቢመጣብሽ እንድታያት ነው። ከዚያ በራስሽ አነጋገር እንዲህ ልትያት ትችያለሽ፦ «ያንን ቪዲዮ አየሁት። የትኬቷ ነገር የእኔ ናት፤ እዚህ ወንበር ላይ ነው ያልኳት። ደስም አለኝ፣ ቅርም አለኝ። ከዚያ ወዲህ እዚህ ስናገር እየተጠነቀቅሁ ነው።» በቃ። አራት ዓረፍተ ነገር ናት። «ሰርቀሽኛል» የሚለውን አሁን አታምጪው፤ ልክ ስላልሆነ ሳይሆን፣ ወሬው ስለ እሷ ጥፋት ይሆንና አንቺ ትዘነጊያለሽ።

ከዚያ ዝም በይና እያት። ጥሩ ባለሙያ ልትደነግጥ ትችላለች፤ ፊቷ ሊቀላ ይችላል፤ ችግር የለውም። የምትጠብቂው አንቺን መጠየቅ መጀመሯን ነው። «መቼ አየሽው? ምን ተሰማሽ? ያን ሁለት ሳምንት እንዴት ሆነሽ መጣሽ?» ካለች፣ ስህተቷን ያለማድበስበስ ካመነች፣ ግንኙነታችሁ ከበፊቱም ሊጠነክር ይችላል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ። «ስምሽን እኮ አልጠራሁም» ብላ ከጀመረች ግን ጆሮሽን አቁሚ። አንዴ ብላው ከተመለሰች ሰው ናት፤ መከላከል የሁላችንም አመል ነው። ሰዓቱ እስኪያልቅ እዚያው ላይ ድርቅ ካለች፣ ወይም ነገሩን አዙራ «ለምን ይሄን ያህል ከበደሽ? እስቲ ልጅነትሽን እንመልከት» ካለች ግን፣ ያኔ ሌላ ሰው መፈለግ ሽሽት አይባልም። ልጅነትሽ ራሱን የቻለ ሌላ ቀን ይታያል፤ ያ ዕለት የእሷ ቀን ነው።

ቪዲዮውስ? ይጥፋ፣ ይቆይ፣ ይስተካከል የሚለውን እዚያው መወሰን የለብሽም። «አስቤ እነግርሻለሁ» ማለት ይቻላል። አንዳንድ ሰው ቢጠፋለት ይቀለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ያቺ «ግድግዳዬ ላይ ነው የምጽፈው» ያለች ሴት ትዝ ትለውና ይቆይ ይላል። ሦስተኛም መንገድ አለ። ፍሮይድ፣ ከላይ ብንታዘበውም፣ አንድ ጊዜ ደህና ነገር አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ1909 የሕክምናውን ታሪክ ካሳተመለት ሰው «የሐሳብ ሁሉን ቻይነት» የሚል አባባል ወስዶ ነበር፤ ያሰቡት ነገር በማሰብ ብቻ ይሆናል የሚል እምነት ማለት ነው። በ1913 ያንን አባባል ትልቅ ንድፈ ሐሳብ ሲያደርገው፣ ከአንድ በጣም ብሩህ ታካሚው የተዋሰው መሆኑን ጽፏል። ስም የለም፤ ባለቤትነቱ ግን አለ። እንዳይታወቅብሽም፣ እንዲታወቅልሽም የምትፈልጊ ከሆነ ይህ ይመቻል። አንድ እንቅፋት ግን አለው፤ «አንዲት ደንበኛዬ እንዳለችው» የሚል ነገር ገጿ ላይ ሲወጣ፣ ሌሎቹ ደንበኞቿም «የእኔስ?» ብለው መጠየቅ ይጀምራሉ። ያ የእሷ የቤት ሥራ ነው፤ አንቺ አትጨነቂበት።

ወደፊት ስለሚሆነው ግን ጠበቅ አድርገሽ ጠይቂ። «የእኔ ነገር ከዚህ ክፍል ውጭ የት የት ይሄዳል? ቪዲዮ፣ ስልጠና፣ ጽሑፍ?» በያት። አንዱን ቦታ ለይተሽ ብታውቂው ጥሩ ነው፤ ቴራፒስቶች ሥራቸውን ከበላይ አማካሪያቸው ጋር፣ ማንነትሽን ሳይገልጹ፣ ቁጭ ብለው ይወያዩበታል። ያ ሐሜት አይደለም፤ ለአንቺ ጥቅም የሚደረግ የተለመደ ነገር ነው፤ እኔ እንዲያውም የማታደርገውን ነው የምፈራው። ገጿ ላይ መለጠፍ ግን ሌላ ነው። እሱን «ሳልጠየቅ አልፈልግም» ማለት ትችያለሽ፤ ስምምነታችሁም በጽሑፍ ይሁን።

ለምን በጽሑፍ? እ.ኤ.አ. በ1977 ኒውዮርክ ውስጥ የታየ አንድ ክርክር አለ። አንዲት የሥነ አእምሮ ሐኪም ከባሏ ጋር ሆና፣ ሕክምናው ካለቀ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ የታካሚዋን ንግግር ቃል በቃል ያሰፈረ መጽሐፍ አወጣች። ታካሚዋ ከሰሰች። ሐኪሟ «ፈቅዳልኝ ነበር» አለች። በጽሑፍ ግን ምንም የለም። ጭራሽ ፈቃዱ አንድ ቀን እንደነበረ፣ ሌላ ቀን እንደጠፋ ራሷ ተናገረች። ፍርድ ቤቱ መጽሐፉ እንዳይሰራጭ አግዶ 20,000 ዶላር ካሳ ፈረደባት። ይህን ያነሳሁት ጠበቃ ፈልጊ ለማለት አይደለም፤ አንድ መጽሐፍና አንድ አባባል አይወዳደሩም። ያቺ «አንድ ቀን አለ፣ ሌላ ቀን የለም» የምትለው ነገር ስላልለቀቀችኝ ነው። የሚያክምሽ ሰው ፈቃድ ሲጠይቅሽ እምቢ ማለት ይከብዳል። በተለይ እንደ አንቺ ላለች ሰው! ስለዚህ ብትጠይቅሽ እንኳ እዚያው አትመልሺ። ቤትሽ ገብተሽ፣ አንድ ሳምንት አሳድረሽ መልሺ። የፈቀድሽውንም በኋላ መሰረዝ እንደምትችይ አብሮ ይጻፍ።

መጠየቅ ደግሞ ነገር ማክበድ አይደለም። ማይክል ዋይት የሚባል አውስትራሊያዊ ቴራፒስትና የኒውዚላንዱ ጓደኛው ዴቪድ ኤፕስተን የሥራቸው አካል አድርገውት ነበር። ደንበኛውን «ከአንተ ይህን ተማርኩ፤ ሥራዬንም እንዲህ ቀየረው» ይሉታል። ተመሳሳይ ችግር ይዞ ለሚመጣ ሌላ ሰው ቃሉን ቢያካፍሉለት ፈቃደኛ እንደሆነ ይጠይቁታል። ሰው እንደዚያ ተጠይቆ ሲሰጥና ተወስዶበት ሲያገኘው አንድ አይደለም። አንቺስ ብትጠየቂ ኖሮ ምን ትይ ነበር? እኔ «ውሰጃት» የምትይ ይመስለኛል። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ግን መልስሽ «ውሰጃት» ከሆነ ለእሷም ንገሪያት፤ ያጣችውን ነገር እንድታውቀው።

ሁለት ትንንሽ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቪዲዮው ሥር አስተያየት እንዳትጽፊ፤ በሌላ ስምም ቢሆን። እስካሁን ማንነትሽን ማንም አላወቀም፤ በንዴት አንድ ማታ ራስሽ እንዳታወጪው። ከአንቺ ሌላ ደግሞ ቃሉ የአንቺ መሆኑን የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑርሽ። ባለቤትሽ ቪዲዮውን እንጂ ያን ቀን ደረጃው ላይ ቁጭ ብለሽ የጻፍሽውን አላየም። እስቲ አሳዪው። «ደስ ሊልሽ ይገባል» ያለው የምን ክብደት እንዳላት ሳያውቅ ይሆናል።

ሐሙስ ስትገቢ ስለቀረሽበት ቀን መጠየቋ አይቀርም። ጉንፋን እንዳልነበረ ንገሪያት። ይቅርታ ግን እንዳትያት።